ሠላሳ አራት ፍሬ

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ሠላሳ አራት ነበሩ። ዛሬ ጠዋት አንዷን ዋጥኩና ሠላሳ ሦስት ቀሩ። ሲያልቁ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

የወንድሜ የናሆም ቫይታሚን ናቸው። ናሆም ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሜክሲኮ አካባቢ መኪና ገጭቶት ሞተ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ስለ ጠዋቱ ግን መጻፍ እችላለሁ። ከተደራራቢው አልጋ ላይኛው የእሱ ነው፣ ታችኛው የእኔ። ጠዋት ይወርድና አንድ ፍሬ በውሃ ይውጣል። ከዚያ ብልቃጡን ጆሮዬ ላይ አስጠግቶ ይነቀንቀዋል። ካልተነሳሁ አያቆምም። «ተነስ አንተ ሬሳ!» ይለኝ ነበር። ይቺን ቃል አሁን ስጽፋት እጄ ቆመ።

አርባው ሲወጣ ሴቶቹ ዕቃውን ሰበሰቡ። ልብሱና ጫማው በማዳበሪያ ታስሮ ልደታ ማርያም ደጅ ለነዳያን ሄደ። የማይረባው ለብቻ ጥቁር ላስቲክ ውስጥ ተጨመረ። ብልቃጡም እዚያ ገባ። ሰው ሁሉ ወደ በሩ ሲዞር ጠብቄ ክኒኖቹን እማዬ ወደጨረሰችው የቅባት ዕቃ ገለበጥኳቸው፣ ባዶውን ብልቃጥ መልሼ ወረወርኩት። የጎደለ ነገር እንዳይመስል ብዬ ነው።

ሞኝ ነኝ። ብልቃጡ ላይ በማርከር «ብሩክ እንዳትነካ!» ብሎ ጽፎበት ነበር። ዲኦዶራንቱም ላይ፣ ቻርጀሩም ላይ እንደዚያ ይጽፍ ነበር። የእጅ ጽሑፉን ጥዬ ክኒኑን አተረፍኩ።

ዕቃው ፍራሼ ሥር ነው። ማንም አያውቅም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ውሃ መጣ፣ ግን ታች ባለው ቧንቧ ብቻ። እኛ ሦስተኛ ፎቅ ነን። ናሆም ሁለት ጀሪካን በአንድ ጊዜ፣ በግራና በቀኝ ይዞ፣ እያፏጨ ይወጣ ነበር። እኔ አንድ ይዤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ አልኩ።

የእድራችን ዳኛ ጋሽ ታደሰ ከቤታቸው ሲወጡ አገኙኝ። «አይዞህ፣ በርታ። አባትህ መንገደኛ ነው። ከእንግዲህ የእናትህ ምርኩዝ አንተ ነህ» አሉኝ። ለቅሶው ላይም ይህንኑ ብለውኛል። አባዬ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፣ ጅቡቲ መስመር። ለቀብሩ መጣ፣ ሠልስቱ ሲወጣ ተመለሰ። ሲደውል «እናትህስ?» ይለኛል። «ደህና ናት» እለዋለሁ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም እንላለን፣ ካርዱ ያልቃል።

ምርኩዝ። አርባ ስምንት ኪሎ ነኝ።

ስለዚህ ዛሬ ሁለት ፍሬ ዋጥኩ። ናሆም በአንድ እንደዚያ ከሆነ እኔ በሁለት ቶሎ እደርስበታለሁ ብዬ ነው። ቫይታሚን ነው፣ መድኃኒት አይደለም። ምን ያደርገኛል? ሠላሳ አንድ ቀሩ።

ትንሿ እህቴ ማኪ ስውጥ አየችኝ። አምስት ዓመቷ ነው፣ የማታየው ነገር የለም።

«ምንድን ነው የበላኸው?»

«ከረሜላ። የትልቅ ሰው ከረሜላ ነው።»

«የናሆም ነው?»

«አዎ» አልኳት።

«እኔም ልብላ።»

«ስታድጊ።»

ከንፈሯን ጥላ ሄደች። ዕቃውን ከፍራሹ ሥር አውጥቼ ትራሴ ውስጥ ከተትኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ዛሬ መጥፎ ቀን ነበር፣ ግን አንድ ድል አለው።

መጀመሪያ ድሉን። ሁለት ጀሪካን፣ በአንድ ጊዜ፣ እስከ ሁለተኛ ፎቅ! ከዚያ በላይ አንድ አንድ አድርጌ ጎተትኩ። ብዕሩን እስካሁን በደንብ መያዝ አቅቶኛል።

አሁን መጥፎውን። ጾም ስለሆነ ቁርስ አልበላሁም። ሁለቱን ፍሬ በባዶ ሆዴ ውጬ ትምህርት ቤት ሄድኩ። እዚያ ደግሞ አቤል፣ አጠገቤ የሚቀመጠው ጓደኛዬ፣ እህቱ ከዱባይ ያመጣችውን ውሃ ውስጥ የሚፈላ ብርቱካንማ ክኒን ይዞ መጣ።

«ይሄም ቫይታሚን ነው ጀለሴ። ኦሪጅናል። በስድስት ወር ትከሻህ በበር አይገባም።»

«አንተስ ለምን ትገባለህ?»

«እኔማ ጠባብ በር ነው ያለን፣ ለቤቱ አዝኜ ነው።»

ሳቅኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላውቅም። የሚፈላውንም ጠጣሁ። አቤል ቱቦውን ሙሉ ሰጠኝ።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ኬሚስትሪ ነው። ሰሌዳው መዋኘት ጀመረ። ምራቄ ጨው ጨው አለኝ። ሮጬ ወጣሁና ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ብርቱካንማ ነገር አስመለስኩ። መምህራችን «ቁርስ ሳትበሉ እየመጣችሁ» ብላ ተቆጣች፣ ከዚያ ማን እንደሆንኩ ትዝ አላትና ድምጿ ተለወጠ። መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠችኝ። ያ የተለወጠው ድምፅ ነው የሚያስጠላኝ። ሁሉም ሰው አሁን በዚያ ድምፅ ነው የሚያናግረኝ።

ሃያ ዘጠኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

የሚያሳፍር ነገር ነው፣ ግን ደብተሩ የእኔ ነው። ሰገራዬ ጥቁር ነው። እንደ ከሰል። በፊት እንደዚህ ሆኖ አያውቅም። ሆዴም ተነፍቷል፣ ሲጫኑት ይወጋል።

ደም ሆድ ውስጥ ሲፈስ ጥቁር ይሆናል ሲባል የሆነ ቦታ ሰምቻለሁ።

የማስባቸው ነገሮች፦
ምናልባት የበላሁት ነገር ነው።
ምናልባት የማቅለሽለሹ ነው።
ምናልባት እየሞትኩ ነው።
ለእማዬ መንገር አልችልም።

የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል። እማዬ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለች ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ የሰው ማመልከቻ ትጽፋለች። ቀኑን ሙሉ የሰው ጭንቀት ስትተይብ ትውላለች፣ ቤት መጥታ ደግሞ የእኔን? አንዱን ልጇን ከቀበረች ሁለት ወር አልሆናትም። «እማዬ፣ ጥቁር ሆነብኝ» ልበላት?

ዛሬ ማርያም ናት። ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ነው ወደ ሥራ የሄደችው። ማታ ራት ላይ ዝም ብላ ስታየኝ ቆየችና ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

«አመመህ እንዴ ብሩኬ?»

«አላመመኝም።»

«ሰሞኑን ከማን ጋር ነው የምትውለው?»

«ከአቤል ጋር። ከማን ጋር እውላለሁ?»

«ዓይንህ ገባ እኮ።»

«ጥናት ነው።»

ሳህኑን አነሳች። የተውኩትን ምግብ አየችው።

ዛሬ አንድ ብቻ ዋጥኩ። ማቆም ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ግን ሳልውጥ የዋልኩ ዕለት ጠዋቱ ዝም ብሎ ጠዋት ነው የሚሆነው። ሃያ ስምንት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ከየት እንደምጀምር አላውቅም።

ጠዋት እማዬ አንሶላ እለውጣለሁ ብላ ክፍላችን ገባች። እሷ ባለችበት መዋጥ ስላልቻልኩ ሳልውጥ ሄድኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ማኪን ከጎረቤት ወስጄ ወደ ቤት ገባን። ትራሴ ውስጥ ዕቃውን ፈለግኩ፤ አለ፣ ግን ክዳኑ ተጣሞ ነው የተዘጋው። እኔ እንደዚያ አልዘጋም።

ቆጠርኩ። ሃያ ስድስት። እንደገና ቆጠርኩ። አልጋው ላይ ሁለት ሁለት አድርጌ ደረደርኳቸው። ሃያ ስድስት።

ሁለት ጎድሏል።

ወደ ሳሎን ወጣሁ። ማኪ ሶፋው ላይ ተኝታለች። እሷ ደግሞ በአሥር ሰዓት ተኝታ አታውቅም። ቀሰቀስኳት።

«ማኪ፣ ከረሜላ በልተሻል?»

«አዎ።»

«የናሆምን?»

«አዎ።»

«ስንት?»

አምስቱንም ጣቶቿን አሳየችኝ። ማኪ ለጠየቋት ሁሉ አዎ ነው የምትለው። ይህን አሁን ነው የማስበው፣ ያኔ ግን አመንኳት። «ሆድሽን ያምሻል?» «አዎ።»

እኔ ነኝ ከረሜላ ነው ያልኳት። እኔ ነኝ የናሆም ነው ያልኳት።

አዝዬአት ሦስቱን ፎቅ ወረድኩ። ደረጃውን አላስታውሰውም። የቅባቱን ዕቃ በጥርሴ ነበር የያዝኩት መሰለኝ፣ ክዳኑ ላይ የጥርሴ ምልክት አለ። ታክሲ ተራው አጠገብ ያለችው ፋርማሲ ገባሁ። የፋርማሲዋን ሴትዮ ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» ነው የሚላት። ሰው ነበር፣ ተራ አልጠበቅኩም።

«ዶክተር፣ እህቴ ይሄን በላች! ሁለት ፍሬ! የትልቅ ሰው ነው!»

ማኪን ተቀብላኝ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት። ምላሷን አየች፣ ዓይኗን አየች። ማኪ ምላሷን በደስታ አወጣችላት።

«መቼ ነው የበላችው?»

«አላውቅም።»

«አስመልሷታል?»

«አላስመለሳትም።»

ዕቃውን ከፈተችና ፊቷ ተለወጠ። «ይሄ የምንድን ነው? የታለ ስሙ? ከምን ውስጥ ነው የገለበጥከው? እኔ አሁን ምን እንደሆነ በምን ልወቅ? ብረት ያለበት ከሆነ እኮ ለሕፃን...» አለችና አቆመች። አንዷን ፍሬ አንስታ ወደ ብርሃኑ ያዘቻት። አገላበጠቻት። ከዚያ መሳቢያዋን ሳበችና የተጠቀለለ ሶፍት አወጣች። ፈታችው።

ሁለት ፍሬ። ያው ቀለም። ያው በመሃሉ መስመር።

«ስንት ነው የጎደለህ?»

«ሁለት።»

«እናትህ ፍርድ ቤቱ ጋ ማመልከቻ የምትጽፈው ናት?»

ራሴን ነቀነቅኩ። «እሷ ናት ጠዋት ያመጣችው። ልጄ የሚውጠው ምን እንደሆነ ንገሪኝ ብላኝ። ስም ከሌለው ክኒን ምንም ማለት አልችልም፣ ዕቃውን አምጪ አልኳት።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ወንበር ነበር፣ አላየሁትም። ማኪ ከላይ ሆና «ብሩክ አለቀሰ!» ብላ ለወረፋው ሁሉ አስታወቀች።

ደወለችላት። እማዬ መጣች፣ ነጠላዋ በአንድ ትከሻዋ ተንጠልጥሎ፣ እያለከለከች። መጀመሪያ ማኪን ዳበሰች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ይጮኽብኛል ያልኩት ድምፅ በጣም ትንሽ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው ብሩኬ? ለእኔ ለእናትህ ንገረኝ። ምንም ቢሆን አልቆጣህም።»

«የናሆም ቫይታሚን ነው።»

ወንበሩን ያየችው እሷ ናት። ተቀመጠች። አፏን በነጠላዋ ያዘች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች መለየት አልቻልኩም። «እኔ እኮ ዕፅ መስሎኝ ነው። ተኝተህ ክንድህን ሁሉ አየሁ። የሸሚዝህን ኪስ አሸተትኩ። ዛሬ የሰው የፍቺ ማመልከቻ ላይ የአመልካቹን ስም ብሩክ ብዬ ጻፍኩት፣ ሰውዬው ጮኸብኝ።»

ሳምንቱን ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ ሆነን፣ እኔ እሷ እንዳትሰጋ ስደብቅ፣ እሷ ለእኔ ስትሰጋ።

ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ። ሁለት ሁለቱን፣ የአቤልን፣ ማስመለሱን። ጥቁሩንም። ሰዎቹ ፊት! ዶክተር አልሳቀችም። ብረት ብዙ ጊዜ ሰገራ ያጠቁራል አለች፣ «ግን እኔ ከዚህ ሆኜ እሱ ነው ብዬ አልፈርድም፣ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ትታያለህ።» ለእማዬ ደግሞ ማኪ ድንገት ካስመለሳት ወይም ከደከማት ሳይጠብቁ እንዲወስዷት ነገረቻት።

«ለመሆኑ ማን አዘዘልህ?» አለችኝ።

«ማንም። እንድጠነክር ነው። ጀሪካን...»

«ቫይታሚን ጀሪካን አይሸከምም ልጄ። የጎደለ ቢኖር ይሞላል እንጂ። በቀን አንድ የተባለው ለቁጠባ መስሎህ ነው?»

ማኪ ጎረቤት ቤት ምሳ በልታ ነበር የተኛችው። ከረሜላ አልበላችም። አሁን እየዘለለች ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ጤና ጣቢያ ሄድን። ደም ሰጠሁ፣ ሆዴን ዳሰሱኝ። ደሙ ደህና ነው ተባለ። ሁለቱንም አቁም፣ በደንብ ብላ፣ ውሃ ጠጣ፣ ጥቁሩ በቀናት ውስጥ ካልጠፋ ወይም ሕመሙ ከባሰ ተመለስ አሉኝ። እማዬ ሐኪሙ የተናገረውን ሁሉ ደጋግማ አስነገረችው። ከመተየቡ ለምዶባታል፣ ቃል አያመልጣትም።

ከዚያ ወደ ፋርማሲው ክኒኖቹን ልንመልስ ነበር። እነሱን ለመውሰድ ቤት ስንገባ እማዬ የራሷን ቁም ሣጥን ከፈተች። ከልብሷ ሥር ብልቃጡን አወጣች።

ብልቃጡን! «ብሩክ እንዳትነካ!» ያለበትን።

«ከላስቲኩ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች። «ጽሑፉን አይቼ መጣል አቃተኝ። ባዶ ሲሆንብኝ፣ ልጄ ጨርሶት ነው የሄደው አልኩ።»

እሷ ዕቃውን፣ እኔ ውስጡን ደብቀን።

ዶክተር ብልቃጡን ስታየው «አሁን ገና ስሙን አወቅኩት» አለች። ጽሑፉን ጮክ ብላ አነበበችልን። በቀን አንድ፣ ከምግብ ጋር። ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ። ብረቱም ተጽፏል። የአቤልን ቱቦ አጠገቡ አቁማ በጣቷ አሳየችኝ፤ ግማሹ ያው ነው፣ ደርቤ ነበር የምወስደው። ክኒኖቹን ተቀበለችን፣ እኛ እናስወግዳቸዋለን አለች። ሃያ ስድስቱን እኔ አፈሰስኩላት። ሁለቱ ከሶፍቱ ተጨመሩ።

አንዷን ላስቀር ፈልጌ ነበር። እጄ ውስጥ ይዣት ቆየሁ። ዶክተር አየችኝ፣ እማዬም አየችኝ። ከዚያ ሰጠኋት። ባዶውን ብልቃጥ ይዘን ተመለስን።

ከሰዓት እማዬ ሥራ ገብታ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ፍሪጁ ላይ ለጥፋዋለች፦

ለ፦ አቶ ብሩክ
ለ፦ ወ/ሪት ማክዳ
ባሉበት
ጉዳዩ፦ የመድኃኒት አቀማመጥን ይመለከታል
1ኛ. ማንኛውም ክኒን ከራሱ ዕቃ አይወጣም።
2ኛ. ክኒን ከረሜላ አይባልም።
3ኛ. ቫይታሚንም ቢሆን ሳይጠየቅ አይዋጥም፣ አይደረብም፣ ከጓደኛ አይወሰድም።
4ኛ. ያመመው ሰው እናቱ እንዳትሰጋ ብሎ አይደብቅም።
ግልባጭ፦ ለአባታቸው፣ ጅቡቲ መንገድ

የመኝታ ቤቷን ቁልፍ በክብ ውስጥ ስላ ማኅተም አስመስላበታለች። አባዬ ሲደውል አነበበችለት። ሲስቅ በስልኩ ይሰማ ነበር። ከዚያ እኔን አስጠራኝ። «እናትህስ?» አላለኝም። «አንተስ?» አለኝ። «አለሁ» አልኩት። ካርዱ እስኪያልቅ አወራን።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ዛሬ የምቆጥረው የለኝም።

ይህን ፈርቼ ነበር የተኛሁት። ጠዋት ግን የቀሰቀሰችኝ ማኪ ናት። ጆሮዬን ይዛ ሳበችኝና፣ «ተነስ አንተ ሬሳ!» አለች።

ከየት አመጣችው? በሩ ላይ ሆና ስትሰማ ነበር ማለት ነው፣ ስንት ጠዋት። ከወጥ ቤት ሲሰማ የነበረው የሳህን ድምፅ ቆመ። እማዬ «አፍሽን ያዢ!» ልትል መጣች፣ እኔን አየችኝ፣ አንሶላውን ፊቴ ላይ ስቤ ስስቅ። እሷም በሩን ተደግፋ ሳቀች።

ቁርስ በላሁ። እንቁላል። ሆዴ አሁንም ትንሽ ይወጋል። ቀለሙ ገና አልጠራም፣ ነገ አያለሁ።

ውሃ መጥቶ ነበር። አንድ ጀሪካን ይዤ ወጣሁ፣ ቤት አስቀምጬ ለሌላው ተመለስኩ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጋሽ ታደሰ ቆመው ነበር። «ሁለቱን በአንዴ አልቻልክም?» አሉኝ። «አልቻልኩም» አልኳቸው። እየጠበቅኳቸው ነበር፣ ምርኩዝ እስኪሉኝ። እሳቸው ግን ኮታቸውን አውልቀው የደረጃው መደገፊያ ብረት ላይ ሰቀሉና ጀሪካኑን በአንድ በኩል ያዙልኝ። ሁለታችንም ሦስተኛ ፎቅ ስንደርስ እያለከለክን ነበር።

ብልቃጡን እማዬ ለእኔ ሰጠችኝ። ላይኛው አልጋ ራስጌ ላይ፣ ማኪ የማትደርስበት ቦታ አስቀመጥኩት። ባዶ ስለሆነ ቢነቀነቅም ድምፅ የለውም። ጽሑፉ ግን ጠዋት ከአልጋዬ ስነሳ ይታያል።

እሺ ናሆሜ። አልነካም።